የአማቷ የበረዶ ሣጥን

የፊት ውበት ባለሙያዋ የደንበኞቿን ቆዳ የምታድስበትን ሰማያዊ ፈሳሽ፣ የመዳብ ፔፕታይድ ሴረሙን፣ ሙቀትና ብርሃን ጉልበቱን እንዳይጨርሱት ብላ እቤቷ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ክትባት ሲሰጡ ኖረው ጡረታ የወጡት አማቷ ግን ፍሪጁን በከፈቱ ቁጥር፣ በሩ ላይ የተደረደሩትን ሰማያዊ ጠርሙሶች አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። «ሥራዬን ንቀውት ነው» ብላ በሆዷ ይዛዋለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ፍሪጁ ተበላሽቶ ባዶውን ተከፍቷል። ጠርሙሶቹ የሉም። ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ መቼም ጥለዋቸው እንዳይሆን።»

አማቷ የተቀመጡበትን ሣጥን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ክትባት ይዘው ከቤት ቤት የዞሩበት አሮጌው የበረዶ ሣጥን ነው።

«ማንም እንዳይከፍተው ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብዬበታለሁ። በረዶው እንዳይነካቸው በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ፤ መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት የለባቸውም።»

ክዳኑን ከፍታ አንዱን ጠርሙስ አወጣች። ሰማያዊነቱ ንክች አላለም። እፎይ ብላ እዚያው መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

«ታዲያ ሁልጊዜ ከንፈርዎን የሚመጥጡት ለምን ነበር?»

«በር ላይ ስለምታስቀምጪው ነዋ። ሰው ውሃ ሊጠጣ በከፈተው ቁጥር ሙቀት ይመታዋል። እኔ አንድ ቀን እንኳ ክትባት በር ላይ አስቀምጬ አላውቅም።»

«ምነው ታዲያ ቢነግሩኝ?»

«አማት ተናግራ ማን ሰምቷት ያውቃል?» አሉ አሮጊቷ። «አሁንም ይኸው የሣጥኑን አፍ ከፍተሽ ታወሪያለሽ። ክደኚው፣ ቅዝቃዜው ወጣ።»