አልነሳ ያለችው የየኔታ ላፕቶፕ

ትርንጎ ጋሻዬ ሙጃ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስትማር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ሲበራ ጓደኞቿ የሚያስተምረውን ሰው ለማየት ይንጠራሩ ነበር። እሷ ግን ከዚያ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነበር የምትጠብቀው፤ ጥቁሩ መስታወት ድንገት ሰማያዊ የሚሆንባትን። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ማነው የሚቀሰቅሰው?» ብላ ጠይቃ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ አላስቆማትም። ወልድያ ወርዳ ሁለት ዓመት የኮምፒውተር ጥገና ተማረች፤ ከዚያ ላሊበላ፣ ከቅዳሜ ገበያው በላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሥራ ጀመረች። አሁን ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። የአስጎብኚዎችን ፎቶ ትገለብጣለች፣ የተማሪዎችን ጽሑፍ ታትማለች፣ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ታስነሳለች። ዛሬም ማሽን ሲነሳ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ነው የምታየው።

ባለፈው መጋቢት የኔታ ሰይፈ ሥላሴ መጡ። ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዜማ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። በነጠላ የጠቀለሏትን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እየተጎተተች አስቸገረችኝ» አሏት። ውስጧ በሞት የተለዩዋቸው የመምህራቸው የመሪጌታ ኪዳን ድምፅ አለ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያዜሙና ሲያርሙ የተቀዳ። ሌላ ቅጂ የለውም።

ድምፁን የሚከፍተው ፕሮግራም የሚሠራው በነበረው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ትርንጎ እሱን ሳትነካ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሌላ ሲስተም አጠገቡ ልትጭን አስባ ነገረቻቸው።

«ሁለት አራሽ ባንድ ማሳ?» አሉ የኔታ።

«ማሳውን እከፍለዋለሁ፤ ድንበር አበጅለታለሁ።»

ስቀው ሄዱ። እሷም ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ ፋይሉን ልትገለብጥ ይገባት ነበር። ትርፍ ዲስኳን ግን ለጎረቤቷ ፎቶ አንሺ አውሳው ነበር፤ «ደግሞ ምን ይመጣል» ብላ አለፈችው። የሊኑክሱ መጫኛ ፍላሽ አልነሳ ሲላት የማሽኑን ሰቲንግ ገብታ ቀየረችው። መጫኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ስሕተት አሳየና ቆመ። አጥፍታ አበራችው። ጥቁር ስክሪን፣ መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ መስመር፤ የሚነሳ ሲስተም አልተገኘም ትላለች። ሊኑክሱም የለም፣ ዊንዶውሱም የለም።

የኔታ ሲመለሱ ፊቷን አይተው ገባቸው። «ጠፋ እንዴ ልጄ?»

«አላወቅሁም፣ የኔታ። ሳልገለብጥ ነው የነካሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መቋሚያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉ። «ያ ድምፅ ከሌለ የማስተምረው የማስታውሰውን ብቻ ነው» አሉ። «እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ።» ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ወልድያ አብሯት ተምሮ አሁን እዚያው ለሚያስተምረው ለወንድምአገኝ ደወለች። ሁሉንም ነገረችው።

«ስሚኝ» አላት። «ዲስኩ ላይ አንዲት ነገር እንዳትጽፊበት። ፎርማት ላድርገው ቢልሽ እምቢ በዪ። ከፍላሹ አስነሺው፣ አትጫኚ፣ ውስጡን እዪ ብቻ። አብሽሪ።»

እንዳላት አደረገች። የዊንዶውሱን ክፍል ከፈተችው። ፋይሎቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ወጡ፤ ዓመተ ምሕረታቸው፣ የበዓላቱ ስም፣ ሁሉም በቦታው። አንድ እንኳ አልጎደለም። ሮጣ ዲስኳን ከፎቶ አንሺው አመጣችና ከሁሉ በፊት ገለበጠቻቸው። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቆየ። የኔታ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ታዲያ ካሉ ለምን አልነሣም አለች?»

ምክንያቱን ቁጭ ብላ ፈለገች። ማሽን ሲበራ ምንም አያውቅም፤ ሲስተሙን በየት በኩል እንደሚፈልግ ሰቲንጉን ይጠይቃል። የማስነሻ መንገዱ ደግሞ ሁለት ነው፤ አሮጌና አዲስ። ዊንዶውሱ የተጫነው በአዲሱ ነው። እሷ ለፍላሿ ብላ ማሽኑን ወደ አሮጌው መልሳዋለች። ስለዚህ ማሽኑ ዊንዶውስ በሌለበት በኩል ይፈልጋል፤ ሊኑክሱም ለአዲሱ መንገድ በተከፋፈለ ዲስክ ላይ ማስነሻውን መትከል አቅቶት ነው የቆመው። የጠፋ ነገር አልነበረም። ሰቲንጉ ውስጥ አንዲት ቃል ከአሮጌው ወደ አዲሱ መለሰች። የዊንዶውሱ ምልክት ብቅ አለ።

«አንዲት ቃል ናት፣ የኔታ» አለች። «ይህ ሁሉ ዓመት ባንዲት ቃል ተሰውሮ ዋለ።»

«ዜማም እንዲሁ ነው» አሉ የኔታ። «አንዲት ምልክት ከሳትሽ ጠቅላላው መንገዱን ይስታል።»

አንዱን ፋይል ከፈተችላቸው። መጀመሪያ የመጣው የሰው ድምፅ አልነበረም፤ ውኃ ነበር። ጠብ፣ ረጋ ብሎ ደግሞ ጠብ፤ ከዋሻው ጣሪያ ወደ ድንጋይ ገንዳው የሚንጠባጠበው ጸበል። ከዚያ የሸመገለ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎም «ሰይፉ፣ አትቸኩል፤ እንደገና» የሚል የመሪጌታ ኪዳን ድምፅ።

የኔታ ሰይፈ ሥላሴ ተነሥተው ቆሙ። ተማሪ መምህሩ ፊት እንደሚቆመው ቆሙ፤ ዜማው እስኪያበቃ አልተቀመጡም። ትርንጎም ሳታስበው ቆማ ነበር። ከወጪ ወራጁ አንድ ደንበኛ በሩን ገፋ አድርጎ አያቸውና ቆቡን አውልቆ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ፍላሹን ለአዲሱ መንገድ አዘጋጅታ ሊኑክሱን እንደገና ጫነችው። ላፕቶፗ ስትነሳ ሁለት ስም፣ ሊኑክስና ዊንዶውስ፣ ከላይና ከታች ተጽፎ ወጣ። የቀስት ቁልፉን ለየኔታ አሳየቻቸው።

«ባልመርጥስ?»

«ዐሥር ሰከንድ ይጠብቅዎታል። ከዚያ የላይኛውን ራሱ ያስነሳዋል።»

«ይጠብቃል!» አሉ የኔታ ጎንበስ ብለው፤ የሰከንዱ ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ ጣታቸውን ከቁልፉ በላይ እንደያዙ፣ ሳይነኩ፣ እስከ መጨረሻው አዩት።