የእማማ ተዋበች ዓይን

በልጆቼ እምላለሁ፣ ብነግራችሁም አታምኑኝም። እዚሁ ማንያታ በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤቴ ሰናይት ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። በሩ ላይ እማማ ተዋበች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። ያመጡት የአጥሚት ዱቄት ደፉ ላይ ቀርቷል፤ የሚያነሳው የለም።

የሰናይት የመጀመሪያ ልጅ እንደተኛ ሞቶ ሲገኝ፣ ሰፈሩ «የእማማ ተዋበች ዓይን በላው» ብሎ ፈረደባቸው። ከዚያ ወዲህ አራስ ሲጠይቁ ፊታቸውን አዙረው ነው። እሳቸው ከዚህ ቀና ካሉ እሩቅ ጎልቦ በረሃ ላይ ግመል ይወድቃል ይባላል! እኔን ግን ስንቴ አይተውኝ፣ ይኸው በበሩ አላልፍ እስክል ወፍሬያለሁ።

ገና ገብቼ ከጠያቂዎቹ ሴቶች ጋር አረፍ ከማለቴ የክሊኒኩ ነርስ በቦዳቦዳ ሞተር ከተፍ አለች። ሕፃኑ ለስላሳ ትራስ ላይ በሆዱ ተኝቷል።

«ማማ፣ ምን ነካሽ? በጀርባው!» ብላ ሰናይትን ተቆጥታ አዞረችው፤ ትራሱንም ወዲያ አነሳችው። «እንዲህ የተኛ ሕፃን በእንቅልፉ ትንፋሹ ሊቋረጥ ይችላል።»

ሰናይት ትራሱን አፍጥጣ አየችው። «የመጀመሪያዬንም እንዲሁ ነበር የማስተኛው» አለች፣ «በዚሁ ትራስ።»

ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ሁሉ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ይኼኔ ከደጅ የእማማ ተዋበች ድምፅ ተሰማ፦

«ሕፃኑንስ አዞራችሁት። እኔስ አሁን ልዙር?»