ፊቷን የደፋች መኪና

አዲሷን ዳብል ጋቢና ፒክአፕ የገዛሁት ለሥራዬ ነው። መሬት ቀያሽ ነኝ፤ ከሳምንቱ ሦስት ቀን ያህሉን አስፋልት በሌለበት አገር አሳልፋለሁ። ሲኤምሲ ካለው ቤታችን ግቢ አስገብቼ ባቆምኳት ዕለት አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፤ አንድ ጊዜ ዞሯት፤ ከዚያ ከጎኗ ራቅ ብለው ቆሙና «ፊቷን ደፍታለች» አሉ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ገደማ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የዓይን ሞራ ይዟቸው መሪ ከተዉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ፒክአፕ ሁሉ እንደዚያ እንደሆነ ነገርኳቸው። የኋላዋ ጭነት እንዲችል ከፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ዕቃ ሲያርፍበት ይስተካከላል።

«እሱን አውቃለሁ» አሉ። «ይህቺ ግን አበዛችው።»

የሽማግሌ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ግን ሦስት ወር ሳይሞላ እኔንም ያስጨንቀኝ ጀመር። ግቢያችን በር ላይ ያለውን የውኃ መውረጃ ባለፍኩ ቁጥር የፊቷ ፓራውልት ከመሬት ጋር ይፈገፈጋል። መስክ ላይማ ድንጋይ ሳይ ልቤ ይሸበራል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሱን መኪና እንዴት ከፍ እንዳስደረጋት አጫወተኝ፤ ከፊት ሞላዎቹ በላይ የብረት ቀለበት ያስገባሉ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሚሠራውም ወሎ ሰፈር ያለ ጋራዥ ነው።

የዋስትናውን ደብተር አውጥቼ አነበብኩት። ከሻጩ ድርጅት ውጭ የተነካ ሞላም ሆነ ከሱ ጋር የተያያዘ ዕቃ ሁሉ ዋስትና የለውም ይላል። ለባልደረባዬ ይህንኑ ስነግረው «ማን ያይብሃል? ሰርቪስ ስትሄድ ቀለበቱን አውልቀው» አለኝ። ደስ አላለኝም። ግን ቀጠሮ ያዝኩ።

ቀጠሮው አባቴ ቦሌ የዓይን ሐኪም ከሚያዩበት ቀን ጋር ገጠመ። ከክሊኒኩ ስንወጣ «አባባ፣ አንዴ ጋራዥ ጎራ ብለን ነው የምንሄደው» አልኳቸው።

መካኒኩ ጢሙ ሸበት ያለ፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ለአባቴ ወንበር አስቀመጠላቸው፤ መኪናዋን በክሪክ አነሣና የግራውን የፊት ጎማ አወለቀ። መፍቻውን አንሥቶ ወደ ሞላው ጎንበስ ሲል አባቴ «ቆይ እስቲ ልጄ» አሉት። «ምን ያህል ነው የምታነሣት?»

«የቀለበቱ ልክ የታወቀ ነው አባቴ። ለዚህች መኪና ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ከየት ተነሥቶ?»

መካኒኩ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔም አፍሬ «አባባ፣ ሥራው ነው እኮ፤ ይተዉት» አልኩ።

«ሥራው መሆኑን አይቻለሁ። እኔ የጠየቅኩት አሁን ያለችበትን ለክተሃል ወይ ነው።»

ሰውየው አልተቆጣም። ትንሽ አሰበና መፍቻውን አስቀመጠ። ጎማውን መልሶ አሰረ፤ መኪናዋን አወረደና ደልዳላው ሲሚንቶ ላይ እንዳቆማት አደረገኝ። የአራቱንም ጎማ ነፋስ እኩል አደረገ። ከዚያ ሜትር አውጥቶ ከጎማው መሐል ከበላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ አራቱንም ማዕዘን አንድ በአንድ ለካ። የኋላዎቹ እኩል ናቸው። የፊት ግራው ከፊት ቀኙ በሁለት ሴንቲ ተኩል ያንሳል። መኪናዋን ወዘወዛትና ደግሞ ለካ። ያው ነው።

«በሹፌር በኩል ትንሽ ዝቅ ማለት ያለ ነው» አለ። «ይሄን ያህል ግን የለም። መሪው ወደ ግራ አይስብህም?»

ይስበኝ ነበር። የመንገዱ ነው እያልኩ ነበር የምነዳው።

መካኒኩ በስልኩ መብራት ከሞላው በላይ ያለውን ብሎን አሳየኝ። ብሎኑንና ብረቱን አገናኝቶ የተቀባ ቀጭን ቢጫ መስመር አለበት። «ይሄ የፋብሪካው ምልክት ነው። እኔ ብፈታው ይሰበር ነበር። ከዚያ በኋላ ለሻጮቹ የግራው ሞላ ድሮም ደካማ ነበር ብትላቸው ማን ያምንሃል? ሳይነካ ውሰዳት።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሻጩ ድርጅት ጋራዥ ልሄድ ስወጣ አባቴ ለባብሰው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

የጋራዡ ኃላፊ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ ላይ ፊት አልሰጠችንም። «ጉድጓድ ገብታ ይሆናል፤ የጉድጓድ ጉዳት ደግሞ ዋስትናው አይሸፍነውም» አለች። «ውጭ አስነክታችኋታል?»

ልዋሽ አልፈለግኩም። «ላስነካት ጋራዥ ወስጃት ነበር። ጎማ ወለቀ እንጂ ሌላ ነገር አልተፈታም» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ቢጫውን መስመር ራሷ አየች። ከዚያ በኋላ አነጋገሯ ተለወጠ። መኪናዋን ሦስት ቀን አቆየቻት። ስትደውልልኝ ቸርኬውም ሆነ ሞላውን የያዙት ብረቶች የመመታት ምልክት እንደሌለባቸው፣ የግራው ሞላ ግን ከፋብሪካው ደክሞ እንደመጣ ነገረችኝ። ሁለቱንም የፊት ሞላዎች በዋስትናው ይቀይሩልኛል።

ከአባቴ ጋር ወደ ጋራዡ ተመልሰን ሄድንና «ከፍ ማድረግ ብፈልግስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ፋብሪካው ራሱ ፊት ላይ መከላከያ ብረት ለሚያስገጥሙ ሰዎች ያዘጋጀው ጠንከር ያለ ሞላ አለ አለችኝ። ወጪው የእኔ ሆኖ እነሱ ከገጠሙት ዋስትናውን አይነካም። በአፍ ብቻ የሚነገረውን ማመን አቅቶኝ በጽሑፍ እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት። ሳትቀየም ጻፈች፤ ማኅተም አስደርጋ ሰጠችኝ።

«የኋላዋ ግን ትንሽ ከፍ እንዳለ ይቀራል» አለች። «ጨርሶ እኩል ይሁን ካሉ ከእኛ አቅም ውጭ ነው።»

አብረውኝ የመጡት አባቴ መለሱላት። «የኋላዋ ይቅር። ባዶዋን እኩል የሆነች የጭነት መኪና ሲጭኗት ወደ ሰማይ ነው የምታየው። መብራቷም የመጪውን ሰው ዓይን ይወጋል።»

«ልክ ነዎት» አለች ሴትዮዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

መኪናዋን በተረከብን ቀን ጠንካራዎቹ ሞላዎች ተገጥመው፣ ጎማው አላይመንት ተሠርቶለት፣ መብራቱም ተስተካክሎ ነበር። አባቴ ከኪሳቸው ሜትር አወጡ፤ መቼ እንደገዙት አላውቅም። ጫፉን ጎማው መሐል ላይ ያዙና ሌላውን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። «ቁጥሩ አይታየኝም፤ አንተ አንብብ።» አነበብኩላቸው። ግራና ቀኙ በሚሊ ሜትር ነው የሚለያዩት። ቁጥሮቹን በቃላቸው ደገሟቸው፤ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና መኪናዋ ውስጥ ገቡ።

ከወር በኋላ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ያን ሰሞን ለመካኒኩ ምስጋና ላቀርብ ወሎ ሰፈር ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለሳቸው ነበር። «አንድ ቀን ይዘሃቸው ና» አለኝ። ይዣቸው ሄድኩ። ስለ ድሮ ተሳቢዎች፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ስለሚደረገው ነገር ሲያወሩ ከአንድ ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ይሄዳሉ። ላድርስዎት ስላቸው እምቢ ይሉኛል፤ ከሲኤምሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ወደ ወሎ ሰፈር በታክሲ። ጋራዡ ውስጥ የራሳቸው ወንበር አላቸው። መካኒኩ እንደነገረኝ ከሆነ አንዳንድ ደንበኛ የጋራዡ ባለቤት እሳቸው ይመስሉታል፤ እሳቸውም አይደለሁም አይሉም።