በስሜ የተመዘገበው ስድብ

ሲይዙኝ ዊንጌት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ክንዴን ይዞ «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አለኝ። አምስት ደቂቃዋ ሃያ ስድስት ቀን ሆነች። ሰዓት የሚቆጥሩት በምን እንደሆነ እንጃ።

እዚያው ጉለሌ ወዳለ ጣቢያ ወሰዱኝ። ክፍሉ ቢበዛ ለስምንት ሰው የሚሆን ነው፤ ከእኔ ጋር ሃያ አንድ ሆንን። መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ካልሲና የሽንት ባልዲ ሽታ ነው። አዲስ የገባ ሰው ቁጭ ከማለቱ በፊት በሩ ሥር ቆሞ በምን እንደታሰረ ለክፍሉ ሁሉ ይናገራል፤ ደንቡ ነው። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት ወፍራም እስረኛ፣ «እሺ ወንድሜ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አለኝ።

«የጥላቻ ንግግር» አልኩ።

«በማን ላይ?»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቴሌቪዥን አቅራቢ፣ ከረባት ያሰረ ባለጌ፣ የአንድን ብሔር ሰዎች ከእንስሳ ጋር አመሳስሎ «ከሰፈራችሁ አጽዷቸው» ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በማግስቱ ሽሮ ሜዳ የእነዚያ ሰዎች ሱቆች በድንጋይ ተደበደቡ። እኔም ጋዜጠኛ ነኝና «ለዚህ የሚጠየቀው ማነው? ዝም ብሎ ያየው ባለሥልጣንስ?» ብዬ ጻፍኩ፤ አንባቢ እንዲያውቀው የሰውየውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ አስገባሁት። የእኛ ሹሞች ታዲያ ስድቡን ያገኙት እኔ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን አያዩም መሰለኝ፣ ሥራ ይበዛባቸዋል።

ይህን ስናገር ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ ቀና አሉ። ሸማኔ ናቸው። ሱቃቸው ከተሰበረባቸው አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ ሊያመለክቱ መጥተው «ለራስዎ ደኅንነት» ተብለው ገቡ። ሰባሪውን ፍለጋ ዳገት መውጣት የከበዳቸው ጀግኖች የተሰበረበትን አሰሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ እግራቸውን ሰብስበው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ከረባታሙ! ስለ አገር ፍቅር እያወራ ነው።

መርማሪው አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። «እነዚህን ቃላት ጽፈሃል አልጻፍክም?»

«የተናገራቸው እኮ እሱ ነው» አልኩና ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆምኩ።

ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ቀነሰው። በቃ፣ ምርመራ ማለት ይኼ ነበር።

«ስማ» አለኝ ለስለስ ብሎ፤ «ባለቤትህ ወሯ ገብቷል አሉ። ቃላቱ የእኔ ናቸው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብለህ ፈርም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ምን ያደርግልሃል እልህ?»

የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ጀግና ነበርኩ አልልም፤ እውነቱን ለመናገር እስክሪብቶውን አንስቻለሁ። ልፈርም ስል ከላይ ያለውን አነበብኩት። ያ የቆሸሸ ስድብ፣ ከሥሩ የእኔ ስም። ሽማግሌው እዚያ ክፍል ቁጭ ብለዋል፤ ነገ ልጆቻቸው ያነቡታል። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እሱን አስፈርሙት» አልኩ።

ክፍል ተመልሼ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ይመርቁኛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ተቆጡኝ!

«ሚስትህ ልትወልድ ደርሳ? አንተ ሞኝ! እኔ እንደሆንኩ ስድቡን ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ። ፈርመህ አትሄድም ነበር?»

«እኔ አልለመድኩትማ፣ አባባ።»

እስከ ምሳ ድረስ ፊታቸውን አዙረውብኝ ዋሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ እህቴ ምሳ ይዛ መጣች። በር ላይ ዘበኛው ፊት እንደ ደንቡ ቀምሳ ሰጠችው፤ መልእክትም ጨመረችበት። ዘበኛው ሳህኑን እያቀበለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለቤትህ በሰላም ተገላግላለች። ሴት ናት» አለኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩና አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። አጠገቧ መሆን ነበረብኝ።

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ምን ያፈዛችኋል? ልጅ ተወለደ እኮ! እልል በሉ!»

ካቦው እየሳቀ፣ «ለሴት ስንት ነበር አባባ፣ ሦስት?» አላቸው።

«ሰባት!» ብለው ጮኹ።

ሰባት ለወንድ ነው የሚባለው፤ ማንም ግን አልተከራከራቸውም። ጢማችን ያደገ፣ ድምፃችን የጎረነነ ሃያ አንድ ወንዶች ሰባት ጊዜ እልል አልን። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ በሩን በዱላ ደበደበ። «ምንድን ነው? አመፅ ነው እንዴ?»

ሽማግሌው በበሩ ቀዳዳ አፋቸውን አስጠግተው፣ «አራስ አለን!» አሉት።

ልጄ ዛሬ አራት ዓመቷ ነው። ከረባታሙ ደግሞ አድጓል፤ ባለፈው ሰሞን ስለ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር ሥልጠና ሲሰጥ አየሁት። ሠልጣኞቹ ማስታወሻ ይይዛሉ። ሳቄ መጣ። እኔን የፈቱኝ «በማስጠንቀቂያ» ነው። በቀደም ሄጄ መዝገቤን ብጠይቅ አልተዘጋም አሉኝ። ስድቡ አሁንም በእኔ ስም ተመዝግቦ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።