ከባጃጁ የወረደው ጥቅስ

ባጃጅ ላይ የእግዚአብሔርን ቃል አልጽፍም። የሚያውቁኝ ሾፌሮች ካርቶን ይዘው ሲመጡ ገና ከበሩ፣ «እትዬ፣ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከራስዎ» ይሉኛል። ባጃጅ ውስጥ ዘፈን ይጮኻል፣ በመልስ ሳንቲም ሰው ይሰዳደባል፤ ዝናብ ሲመታ ደግሞ ጥቅሱ ተነቅሎ መስታወት ይጠረግበታል። ቅዱስ ቃል መስታወት መጥረጊያ ሲሆን ማየት አልፈልግም። ሰው ያሰበው ሐሳብ ቢጠረግበት ግን ምንም አይደል፤ ተመልሶ ይጻፋል።

የእጅ ጽሕፈቴን ያገኘሁት ከሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አሰላ ልጅ ሳለሁ የግድግዳ መጽሔታችንን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ባሕር ዳር የመጣሁት ለሥራ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሴቶች ማደሪያ ፕሮክተር ነኝ፤ የመኝታ ክፍሎቹንና የልጆቹን ደኅንነት የምጠብቅ ማለት ነው። እናቴም እህቶቼም አሁን ድረስ አሰላ ናቸው። ስልክ ስንነጋገር አንዳንዴ «ሄድሁ፣ ደረስሁ» የሚል ሲያመልጠኝ ታናሽ እህቴ፣ «እሜቴ ጎጃም መጡ!» እያለች ትስቅብኛለች።

ሰኞ ሰኞ ያለፈ ዓመት ካሌንደር ጀርባ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በማርከር ጽፌ ማደሪያው መግቢያ ላይ እለጥፋለሁ። ልጆቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ አንብበው ዝም አይሉም። ከሥሩ በእስክሪቢቶ ይመልሱልኛል። አንዴ «ትዕግሥት የራሷ ጠረን አላት» ብዬ ብጽፍ፣ አንዷ «የሁለተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤትም አለው፣ ፕሮክተርዬ» ብላ ጻፈችልኝ። በዚያው ሳምንት ቧንቧው ተሠራ። ጥቅስ ሥራ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በክብር ተሰቅሎ ሲኖር ሳይሆን ሰው ሲመልስለት።

ባጃጅ ላይ መጻፍ የጀመርኩት በአንድ ሾፌር ምክንያት ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ወደ ግቢው የሚያደርሰኝ፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ልጅ ነው። እጮኛው ከግቢው ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። የማደሪያችንን ጽሑፍ አይቶ፣ «ለእኔም አንድ ይጻፉልኝ» አለኝ።

«እጮኛህ በኮምፒውተር አሳምራ ታትምልህ የለ?» አልኩት።

«የታተመማ ማስታወቂያ ይመስላል እትዬ። ሰው የቤት ኪራይ መስሎት ስልክ ቁጥር ይፈልግበታል።»

አሳቀኝና ጻፍኩለት፦ «የሚጠብቅ ሰው የቆመ ይመስላል እንጂ እየሄደ ነው።» በስኮች ሸፍኖ ከፊት መስታወቱ በላይ፣ ተሳፋሪ ሁሉ በሚያየው ቦታ ሰቀለው።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣች ላስረዳ። ከጽዋ ማኅበራችን ጋር በጀልባ ገዳም ለመሳለም ሄደን ነበር። ከሐይቁ ደሴቶች አንዱ ሴት የማትገባበት ገዳም ነው። ወንዶቹ ወደ ላይ ሲወጡ እኛ ሴቶቹ ዛፍ ላይ በታሰረችው ጀልባ ውስጥ ቀረን። ከጎኔ የነበረች ወጣት፣ «እስኪመለሱ ዓሣ እንቁጠር?» ብላ አጉረመረመች። አንዲት ባልቴት ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና እዚያው ጀልባው ላይ ይሰግዱ ጀመር። አንድ ሁለቴ ዝም ያለው ባለ ጀልባ በኋላ ተጨነቀ። «እማማ፣ በእመቤታችን፣ ገለበጡን!» አላቸው። «አንተ ገመዱን ያዝ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» ብለው ቀጠሉ። ወንዶቹ ሲመለሱ አንዱ አዝኖልን፣ «መጠበቁ አደከማችሁ አይደል?» ሲል ባልቴቷ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «እኛማ ደርሰን ተመልሰናል» አሉት። እኔም ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የጻፍኳት።

ሾፌሩ ግን ይህን አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

አንድ ዐርብ ጠዋት ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ገበያው ጋ አንድ ጋቢ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉና ገቡ። ከመግባታቸው በፊት ባጃጁ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትኩር ብለው ማየታቸውን አስተውያለሁ። ለምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው፤ ለካ የእጮኛው አባት ኖረዋል። ከአንበሳሜ ነው የመጡት፤ እዚያ ወፍጮ ቤት አላቸው። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ከርሞ ገና መምጣታቸው ነው። ልጁ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ልጄን ልስጠው ያልሁት ሰው ምን ዓይነት ነው ብለው፣ ሳይታወቁ ሊያዩት ከልጃቸው ቁጥሩን ተቀብለው ወጥተዋል። ልጅቷም ቃሏን ጠብቃ ለሾፌሩ ትንፍሽ አላለችም።

ሐይቁን ተጠግተን ስንሄድ ሽማግሌው ቀና ብለው ጥቅሱን አነበቡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

«ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?»

«ያጻፍሁት እኔ ነኝ አባቴ። ምነው፣ አላማረም?»

«ማማሩንስ አምሯል። ቆሞ የሚሄደው እንዴት ነው?»

ልጁ ሳቀ። «አባቴ ደግሞ! ጥቅስ እኮ ነው። ለማሳመሪያ ነው የሰቀልሁት። ያለ ጥቅስ ባጃጅ ራቁቱን የወጣ ሰው ይመስላል።»

«ትርጉም የለውም?»

«አይጠፋውም! የጻፉት ያውቁታል» አለና በመስታወቱ ዐይኑን ጠቀስ አደረገልኝ።

እኔ ባጃጅ ውስጥ በማላውቀው ሰው ወሬ አልገባም። ሽማግሌው «እህ» ብቻ አሉ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ስንደርስ «ወራጅ» ብለው ወረዱ።

በማግስቱ ሾፌሩ ማደሪያው በር ላይ መጣብኝ። ፊቱ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ መስሏል።

«እትዬ፣ ጉድ ሠሩኝ!»

«እኔ? ምን አድርጌ?»

ነገረኝ። አባትዬው ማታ ለልጃቸው፣ «ይህ ልጅ አይሆንም» ብለዋታል። «የማያውቀውን የሚሰቅል ሰው የማያውቀውን ይምላል። አንቺን ሲያገባሽ ምን ብሎ ሊምል ነው? ለማሳመሪያ ብሎ?» እሷ ስታለቅስ አድራለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አንበሳሜ ይመለሳሉ፤ መንገዱ ደግሞ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም። «ከሄዱ አለቀ» አለኝ። «ሁለት ዓመት የጠበቅኋት ልጅ በካርቶን ልትቀርብኝ ነው።»

«እና ምን ላድርግልህ?»

«ትርጉሙን ይጻፉልኝ። ዛሬ ማታ እሸመድደዋለሁ። እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የማንበለብለው።»

«ይኸውልህ፣ ያንተ ነገር» አልኩት። «እሳቸው የጠሉት እሱን አይደል? የእኔን ትርጉም ብትሸመድድ ሁለተኛ ካርቶን ሰቀልክ ማለት ነው።»

እውነቱን ለመናገር በዓረፍተ ነገሬ አላፈርኩም። እውነት መሆኗን ጀልባው ላይ አይቻለሁ። የጎደላት የሚያውቃት ሰው ነው። አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩትና፣ «ትላንት እኔን ካደረስከኝ በኋላ ምን ስትሠራ ዋልክ?» አልኩት።

«ምን እሠራለሁ፣ ነዳጅ ወረፋ። እስከ ከሰዓት ቆምሁ።»

«ቆምክ? ምንም ሳታደርግ?»

«ምንም። ሞተር አጥፍተን በእጅ ነው የምንገፋው። ከፊቴ የነበረው ልጅ የፍሬን ገመዱ ላልቶበት አብረን አጠበቅነው። የእኔንም በዚያው አየሁት፤ ሊበጠስ ደርሷል። እግዜር ነው ያወጣኝ! ቀየርሁት።» ቀና ብሎ አየኝ። «ወረፋ ባልቆም ኖሮ አላየውም ነበር ለካ።»

«ሁለት ዓመትስ ስትጠብቃት?»

«ስጠብቅ… ያኔ የሰው ባጃጅ ነበር የምነዳው። አሁን ከወንድሜ ጋር የራሳችን ነው። ጫት ትቻለሁ። እሷ ስትጾም እያየሁ ረቡዕና ዓርብ መጾም ጀመርሁ። መጀመሪያ እሷን ፈርቼ ነበር፤ አሁን ለራሴ ነው።» ይህን ሲል መሬት መሬት ያያል፤ ወንዶች መልካም ነገር ሲያወሩ እንደሚያፍሩት።

«እንግዲህ ከእኔ ምን ቀረህ?» አልኩት።

ብድግ አለ። ባጃጁ ውስጥ ገባ፤ ስኮቹን ልጦ ካርቶኑን አወረደና መቀመጫው ሥር አስገባው። «ነገ እርስዎም አብረውኝ ይሁኑ» አለኝ። «አይናገሩ ግን። አጠገቤ ከሆኑ ምላሴ አይታሰርም።» አልናገርም አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ልጅቷ አባቷን መናኸሪያ ልታደርስ ለሾፌሩ ደወለችለት። አባትዬው፣ «ቢመጣ ይምጣ፤ ባጃጅ ባጃጅ ነው» ብለዋል አሉ። ከኋላ ሦስት ሆንን፦ ሽማግሌው ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ልጅቷ መሐል፣ እኔ ዳር። ልጅቷ መዳፏን ነጠላዬ ሥር አስገብታ እጄን ይዛለች። መንገዱ ግራና ቀኝ ዘንባባ ነው። ሽማግሌው ቀና አሉ። ጥቅሱ ከነበረበት ቦታ የስኮቹ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«የት አለ ያ ጽሑፍ?»

«አወረድሁት አባቴ።»

«ለምን?»

«እስካውቀው ብዬ።»

«እና አወቅኸው?»

ልጁ አንድ ጋሪ አሳለፈ። ከዚያ የነዳጁን ወረፋ፣ የፍሬኑን ገመድ እንደነገረኝ ነገራቸው። ስለ ባጃጁ፣ ስለ ጾሙ ሲደርስ ግን ድምፁ ዝቅ አለና፣ «ልጅዎን ስጠብቅ ቆሜ አልነበርሁም፤ አሁን ነው የገባኝ። ዓርብ ለታ ስቄ የመለስሁልዎ ሳላውቀው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ጨረሰ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሻንጣው ላይ አደረጉ። «የሚጠብቅ ሁሉ ይሄዳል ማለት ነው? ተኝቶ የሚጠብቅስ የለም?»

ልጁ ተደናገረ። በመስታወት ወደ እኔ አየ። አልናገርም ብያለሁ፤ አልተናገርኩም። የልጅቷ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ገባ።

«አለ አባቴ» አለ በመጨረሻ። «እሱ የሚጠብቅ አይደለም፣ ተቀጣሪ ዘበኛ ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ሻንጣው ከጉልበታቸው ሊወድቅ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ስንቆም ግን ፊታቸውን መልሰው ኮስተር አደረጉ፤ የሚያገባ ልጅ ፊት ብዙ አይሳቅም።

«ጾሙ ይፈታ» አሉት። «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላክ። በደንብ የሚናገሩ ይሁኑ፣ ለማሳመሪያ የሚቀመጡ እንዳይሆኑ።»

ልጅቷ እጄን ለቀቀችኝ። ልጁ ወርዶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል በእጃቸው ያዙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እመቤቴ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ዓርብ ለታም ዐውቄያለሁ፤ ሰው የራሱን ጽሑፍ ሲያነቡበት ትንፋሹን ይይዛል።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እርስዎስ ምን ይጠብቃሉ?»

አገሬን፣ እናቴን፣ የመንገዱን መከፈት ማለት እችል ነበር። እሱም ውሸት አይደለም። ግን እዚያ ስቆም የመጣልኝ ማደሪያው ነው፤ ልጆቹ ተመርቀው ወደየቤታቸው ሲሄዱ በሩ ላይ የምስማቸው። «የሰው ልጆች እጠብቃለሁ አባቴ» አልኳቸው። «እናታቸው እስክትረከበኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ለእኔም ያንኑ ይጻፉልኝ። ወፍጮ ቤቴ ወረፋ ላይ ሴቶቹ ስለ ተራ ይጣላሉ። ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ።»

«እጽፋለሁ። ግን አባቴ፣ ሴቶቹ ትርጉሙን ቢጠይቁዎት ምን ይላሉ?»

ልጅቷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሾፌሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አደረጉ። የአንበሳሜው መኪና ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል።

«እላቸዋለሁ» አሉ፣ «እኔ ራሴ ስጠብቅ ነው ያወቅሁት፤ እናንተ ስትጠብቁ ያያችሁትን ንገሩኝ።»

በዚያው መቀመጫው ሥር የነበረውን ካርቶን አስወጣሁና ሰጠኋቸው። ሾፌሩ «የእኔ እኮ ነው!» ሲል ሰማሁት። «ለአንተ ሌላ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። «በመጀመሪያ ግን ሐሳቡን አንተ ታመጣለህ።»

እስካሁን እያሰበ ነው። ሽማግሌዎቹ ሄደው «እሺ» ተብለው ተመልሰዋል፤ የሠርጉ ቀንም ተቆርጧል። ከመስታወቱ በላይ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ተሳፋሪ ሲጠይቀው፣ «ቆይ፣ እየሄድሁ ነው» ይላል።