ሁለት ቃል ያላት ልጅ

ያን ዓመት ክረምቱ ደባርቅ ላይ ቶሎ ገባ እንጂ ቶሎ አልወጣም። ጉሙ ከጧት እስከ ማታ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፤ ገብሱ ውኃ በዝቶበት ማሳው ላይ ቢጫ ሆነ። በዚያ ብርድ ሐመልማል ጋቢ ተከናንባ መስኮት ሥር ታጠና ነበር። ማትሪክ ስትፈተን ይኼ ሁለተኛዋ ነው።

የመሪጌታ ቃለ አብ ልጅ ናት። አባቷ ቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ የኔታ ሲሏቸው እየሰማች ስላደገች እሷም አባባ ብላቸው አታውቅም፤ የኔታ ነው የምትላቸው። ግራ እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል አለ። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ ጧት ጧት እያጠበች በንጹሕ ጨርቅ የምትጠቀልለው እሷ ናት። ነርስ እሆናለሁ ማለቷም ከዚያው የመጣ ነው፤ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

በፊተኛው ፈተና ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት አምጥታ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አያስገባም። ድጋሚ ስትመዘገብ ጎረቤቷ እስከዳር፣ «አባቷ ዳዊት ይደግማሉ፣ እሷ ማትሪክ ትደግማለች» ብላ ሰፈሩን አሳቀችባት። እስከዳር ራሷም ደጋሚ ነበረች። ሐመልማል አብራ ሳቀች። ውጤቱ ሲመጣ ግን ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት ሆነ፤ ጭራሽ ወደ ታች።

በጥቅምት፣ ጎንደር አንድ የጤና ኮሌጅ ለነርስነት ተማሪ ሊቀበል ነው ተባለ። ሁለቱን ወረቀት አባቷ ፊት ዘርግታ ምን ላድርግ አለቻቸው። መሪጌታ ሁለቱን ወረቀት አስጠግተው አዩ። ለሽምግልና ሲቀመጡ፣ ትናንት አንድ ዛሬ ሌላ የሚናገር ምስክር ስንቱን መልሰዋል።

«ሁለት ቃል ያለው ምስክር አይሰማም፣ ልጄ። አንዱን ብቻ ያዢ።»

«የቱን፣ የኔታ?»

«የኋለኛውን። ኑዛዜም ቢሆን የሚጸናው የኋለኛው ነው። የሚበልጠውን መርጦ መያዝማ ማታለል ነው።»

የፊተኛውን ወረቀት አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ ከተቱት።

ኮሌጁ ስትደርስ በመስኮት ቅጽ ሰጧት። ሌላ ጊዜ ተፈትነሽ ያገኘሽው ውጤት አለ ወይ ይላል። አለ ብትል ሁለት ቃል ያላት ተብላ ልትመለስ ነው። «የለም» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች።

መግቢያው ሁለት መቶ ሰማንያ ሆኖ ወጣ። በተለጠፈው ዝርዝር ላይ የሷ ስም የለም፤ የእስከዳር አለ። እስከዳር በመጀመሪያው ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ፣ በድጋሚው ሁለት መቶ አርባ ነበር ያመጣችው፤ ሁለቱንም ሰጥታለች።

«የሚበልጠውን እኮ ነው የሚይዙልሽ፣ አንቺ። ማስታወቂያው ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?» አለቻት። ያን ጊዜስ አልሳቀችም።

ሐመልማል ደባርቅ ተመልሳ ወረቀቱን ከዳዊቱ አወጣች። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ጎንደር ወረደች። መዝጋቢዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ክፉ ሴት አልነበረችም።

«በዚህኛው ትገቢ ነበር። ግን የለኝም ብለሽ ፈርመሻል፣ እህቴ። አሁን ደግሞ አለኝ ትያለሽ። የትኛውን ቃልሽን ልመን?»

ሐመልማል ቤቷ ገብታ ይኼንኑ ለአባቷ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ለሽምግልና ሲጠሩ እግሬን አሞኛል ይላሉ። እሷም ቁስሉን እንደ ወትሮው ማጠቧን አልተወችም፤ ውኃውን አሙቃ ትመጣለች፣ እግራቸውን ይዘረጋሉ፣ ጠቅልላ ትነሣለች። ቃል ግን በመካከላቸው የለም። ልትናገር የፈለገችበት ቀን ይኖር ይሆናል። እሳቸውም እንደዚያው።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጧት ጨርቁን አጥባ፣ አጥፋ፣ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጣ ወጣች። መሪጌታ እግራቸውን አሁን ራሳቸው ያጥባሉ።

ሐመልማል ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ባለፈው ግንቦት፣ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ቡይት ራስ ነው። ከአንድ የቱሪስት ሎጅ ጓሮ አንሶላ ታሰጣ ነበር።