የሳምቡሳው ዘይት

ከተመረቅኩ ጀምሮ ጨጓራዬ ያቃጥለኛል። ጊንጆ ሰፈር ካለው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ሳምቡሳ የሚጠብሱትን ሴትዮ ጠረጠርኩ፤ ያንኑ ዘይት ደጋግመው የሚጠብሱበት መስሎኝ። አንድ ቀን ቆሜ ስጠብቃቸው አዲስ ጀሪካን ከፈቱ። አላመንኩም።

«እትዬ፣ እኔ እያየሁ ስለሆነ ነው የቀየሩት?»

ሳቁብኝ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰሌዳውን ሳታነቢ አንድ ትበያለሽ፣ አንብበሽ ስትመለሺ አራት። በመሃል ዘይቱ ይበላሻል እንዴ?»

ተናደድኩ። ግን እውነታቸውን ነው። «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር እጄ ወደ ሳምቡሳው ነው።

አሁን ካነበብኩ በኋላ ርቦኝ ነው ወይስ ከፍቶኝ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ከፍቶኝ ከሆነ ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት በእግሬ እወጣለሁ። ማቃጠሉ ቀንሷል። ዘይቱን ግን ሳልፍ አሁንም አያለሁ።